ከፍተኛ ሙቀት ላይ ለሚተኮስ ሸክላ ግሌዝ መቀላቀልና የጠፋውን ዕቃ መተካት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎጃም ውስጥ ሸክላ በከፍተኛ ሙቀት መተኮስ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በእሳት ሳይሆን በዕቃ ነው። ከመጽሐፍ የገለበጠው ቅምር አራት አምስት ዱቄት ይዘረዝርለታል፤ ግማሹ ባሕር ዳር አይገኝም፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ስም የሕንፃ ዕቃ መደብር ውስጥ ተቀምጦ ያልፈዋል። ጤፍ ሲወደድ ዳጉሳ ቀላቅሎ ለሚያስጋግር ሰው መተካት ምን እንደሆነ ማስረዳት አይከብድም፦ እንጀራው ይወጣል፤ ዓይኑ፣ ቀለሙና ልስላሴው ግን የንጹሕ ጤፍ አይሆንም። ግሌዝም እንዲሁ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግመው የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ግሌዝ ምንድን ነው? የእኛ ጀበና ለምን የለውም?

ግሌዝ ሸክላው ላይ ቀልጦ የተጣበቀ ስስ መስታወት ነው። መስታወት የሚሆነው ሲሊካ (የአሸዋና የኳርትዝ ድንጋይ ዋና ነገር) ነው፤ ሲሊካ ብቻውን ግን ከ1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይቀልጥም። ስለዚህ ቶሎ የሚያቀልጠው (ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ማግኒዥየም) ይጨመርበታል። ቀልጦ ከዕቃው ላይ እንዳይወርድ የሚይዘው ደግሞ ከሸክላ አፈር የሚገኘው አሉሚና ነው።

እናቶቻችን ጀበናና ድስት የሚተኩሱት ሜዳ ላይ፣ በኩበት፣ በጭድና በእንጨት ነው። ያ እሳት አብዛኛውን ጊዜ ከ900 ዲግሪ አያልፍም፤ እዚህ የምናወራው ግሌዝ በዚያ ሙቀት ዱቄት እንደሆነ ይቀራል። የእነሱ መላ ሌላ ነው፦ ገላውን በጠጠር ማለስለስ፣ በጭስ ማጥቆር፣ ምጣዱን በጎመን ዘር ማሟሸት። ይህን እንደ ጉድለት የሚያወሩ ሰዎች ያናድዱኛል። ድስት እሳት ላይ በቀጥታ ተጥዶ የሚችለው ገላው በደቃቅ ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ነው። በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ ድንጋይ የሆነውን ዕቃ ከሰል ላይ ብትጥዱት ይሰነጠቅባችኋል።

እዚህ ገጽ ላይ «ከፍተኛ ሙቀት» የሚባለው ኮን 10 የሚጎብጥበት ነው (ኮን ምድጃ ውስጥ ተቀምጦ የተወሰነለት ሙቀት ሲደርስ የሚጎብጥ ትንሽ ሾጣጣ ነው)፤ እንደ አተኳኮሱ ፍጥነት ከ1285 እስከ 1305 ዲግሪ ገደማ።

የጀበናውን ሸክላ ወስጄ 1280 ላይ ብተኩሰውስ?

አይሆንም። የአካባቢያችን ቀይ ሸክላ ብረት ይበዛበታል፤ ብዙው 1100 ወይም 1150 ዲግሪ ካለፈ በኋላ እንደ ዳቦ ይነፋል፣ ይጎብጣል፣ በመጨረሻም ቀልጦ መደርደሪያው ላይ ይጣበቃል። መሞከር የፈለገ ሰው አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ያረጀ ሳህን ላይ አስቀምጦ ይተኩስ፤ ሙሉ ጀበና አያስገባ። ለገላው ካኦሊን (ብረት የሌለበት ያህል ንጹሕ ነጭ የሸክላ አፈር) ያለበት ነጭ ወይም ግራጫ ሸክላ ያስፈልጋል። በአገራችን የታወቀው የካኦሊን ቦታ ጉጂ ያለው ቦምቦዋ ነው፤ ፌልድስፓርም (ፖታሲየም ወይም ሶዲየም ያለበት፣ ለግሌዝ ዋና አቅላጭ የሆነ ድንጋይ) በዚያው አካባቢ ከቀንጢቻ በኩል ይገኛል። ሁለቱም ከጎጃም ሩቅ ናቸው። የመተካት ነገር የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ገላ መሆን ያቃተው ቀይ አፈር ለግሌዝ ሲሆን ይወደዳል። ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከየትኛው ቅምር ልጀምር?

ከ4-3-2-1። ፌልድስፓር 40፣ ሲሊካ 30፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 20፣ ካኦሊን 10። በሙሉ በክብደት ነው፤ በኩባያ የሚሰፍር ሰው ሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ግሌዝ አያገኝም። ጥርት ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀለም የሚቀበል መነሻ ነው። እሱን ሳታውቁ ሃያ ዓይነት ቅምር አትሰብስቡ።

እንዴት ልቀላቅለው? ውኃውስ ስንት ነው?

ለ1 ኪሎ ደረቅ ዱቄት 400፣ 300፣ 200 እና 100 ግራም መዝኑ። በባልዲ 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ አድርጉና ዱቄቱን በላዩ ቀስ ብላችሁ ነስንሱ። ውኃውን ዱቄቱ ላይ ካፈሰሳችሁ ይጓጉላል፤ ገንፎ ያገነፋ ሁሉ ያውቀዋል። አሳድራችሁ በ80 ሜሽ (በአንድ ኢንች 80 ቀዳዳ ባለው) ወንፊት ሁለት ጊዜ አሳልፉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ውኃ የሚስተካከለው። 100 ሚሊ ሊትር ግሌዝ ስትመዝኑ ከ140 እስከ 150 ግራም ከሆነ ለመንከር ይበቃል። የሊጡን ውፍረት በጣት እያዩ መገመት ለጋጋሪ ይሠራል፤ ለግሌዝ ግን ሚዛኑ ይሻላል።

ከታች ሄዶ እንደ ድንጋይ የሚደርቅባችሁ ከሆነ ከጠቅላላው 2 በመቶ ቤንቶናይት (ውኃ ሲነካው የሚያብጥ በጣም ደቃቅ ጭቃ) ጨምሩ፤ ከሌላው ደረቅ ዱቄት ጋር አስቀድሞ ካልተቀላቀለ ግን ይጓጉላል። ቤንቶናይት የሌለው ሰው እርሻ ዳር ይሂድ። ዝናብ ሲመታው የሚያጣብቀው፣ በጋ ላይ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሰነጠቀው ጥቁር ዋልካ አፈር ከቤንቶናይት ጋር የአንድ ዘር ጭቃ አለበት። በውኃ በጥብጦ፣ አሸዋው ሲዘቅጥ ላይኛውን ደቃቅ ጭቃ ገልብጦ አድርቆ መጠቀም ይቻላል። ግሌዙን በጥቂቱ ያጠቁረዋል፤ ለቡናማና ለጥቁር ግሌዝ ማን ይጨነቃል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ መድኃኒት የለውም። ነጠላ ወይም ሻሽ አፍ ላይ መጠምጠም አያድንም። የብናኝ ማስክ አድርጉ፤ ወለሉንም አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ።

መተካት ሲባል አንዱን አውጥቶ ሌላውን በዚያው ልክ ማስገባት ነው?

ብዙ ባልዲ ግሌዝ የሚደፋው በዚህ ሐሳብ ነው። ዱቄቱ እሳት ውስጥ ሲገባ ስሙ ይጠፋል፤ የሚተርፈው ኦክሳይዱ (ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደው ንጥረ ነገር) ነው። ስለዚህ የሚተካው ዱቄቱ ሳይሆን በውስጡ ያለው ነገር ነው።

በምሳሌ እንየው። የኖራ ድንጋይ ጠፋ፣ ዎላስቶናይት የሚባለው ካልሲየምና ሲሊካ ያለበት ማዕድን ግን ተገኘ እንበል። ከ100 ግራም የኖራ ድንጋይ 44ቱ ጋዝ ሆኖ በምድጃው ቀዳዳ ይወጣል፤ 56ቱ ብቻ ካልሲየም ኦክሳይድ ሆኖ ይቀራል። እናም በቅምራችን ያለው 20 የሚሰጠን 11.2 ነው። ዎላስቶናይት 48 በመቶ ገደማ ካልሲየም ኦክሳይድ፣ የቀረው ደግሞ ሲሊካ ነው። 11.2 ለማግኘት 23.2 ዎላስቶናይት ያስፈልጋል፤ እሱ ግን ሳይጠሩት 12 ሲሊካ ይዞ መጥቷል። ስለዚህ ከ30ው ሲሊካ 12ቱን እንቀንሳለን፣ 18 ይቀራል። አሁን ፌልድስፓር 40፣ ሲሊካ 18፣ ዎላስቶናይት 23.2፣ ካኦሊን 10፤ ድምሩ 91.2 ነው። ወደ መቶ ሲመለስ 43.9፣ 19.7፣ 25.4 እና 11 ይሆናል። ግሌዙ ያው ነው፤ እንዲያውም የሚወጣ ጋዝ ስለሌለው የመርፌ ቀዳዳ የመሰለው ነቁጥ ይቀንሳል።

ሒሳቡን ሳይሠራ 20ውን በ20 የተካ ሰው ካልሲየሙ አንሶ ሲሊካው በዝቶ ለመቅለጥ የሚያስቸግር፣ ከመጀመሪያው የተለየ ግሌዝ ያወጣል። ከዚያ «ዎላስቶናይት መጥፎ ነው» ይላል።

በዚሁ መንገድ 20 የኖራ ድንጋይ በ18.4 ዶሎማይት (ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለበት ድንጋይ) ይተካል፤ ካልሲየሙ ግን ግማሹን ለማግኒዥየም ስለሚለቅ ብርቅርቁ ይደበዝዝና እንደ ቅቤ የለሰለሰ ገጽ ይመጣል። እኔ በበኩሌ እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ተክታችሁ ጀምሩ። የፖታሽ ፌልድስፓር በሶዳ ፌልድስፓር ሲተካ ቶሎ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይበልጥ ስለሚኮማተር መሰንጠቅ ያመጣል። ካኦሊን አስቀድሞ ከተተኮሰ 14 በመቶ ውኃውን ጥሏልና 100ው በ86 ይተካል።

ከሕንፃ ዕቃ መደብር ያመጣሁት ነጭ ዱቄት ኖራ ነው ወይስ ጀሶ?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ዓባይ በረሃን የወረደ ሰው ሁለቱም ድንጋይ በአንድ ሸለቆ ውስጥ እንደሚገኙ ያውቃል። የደጀን በኩል ስሚንቶ የሚሠራበት የኖራ ድንጋይ ነው፤ ጀሶውም በዚያው ገደል ውስጥ አለ። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት። ጀሶ ግሌዝ ውስጥ ከገባ በከፍተኛ ሙቀት የሰልፈር ጋዝ ይለቃል፤ ግሌዙ ያቆረፍዳል፣ ምድጃው ዙሪያ ያለውም ሰው ያስላል።

መለያው ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ነው። ጠብ ሲያደርጉበት እንደ ለስላሳ መጠጥ የሚፍለቀለቀው የኖራ ድንጋይ ነው። ጀሶ ዝም ይላል። ለግድግዳ የሚሸጠው የሞተ ኖራም (ውኃ የጠጣው) ብዙ ላይፍለቀለቅ ይችላል፤ እሱ ከጀሶ የሚለየው ቆዳ ስለሚያቃጥልና በውኃ ቢበጠበጥ እንደ ጀሶ በደቂቃ ስለማይጠነክር ነው። በሞተ ኖራ መተካት የፈለገ ለ100 የኖራ ድንጋይ 74 ይመዝን፣ ጓንትም ያድርግ።

የትምህርት ቤት ጠመኔን አምጥተው የፈጩ ነበሩ። ጠመኔ ብዙ ጊዜ ከጀሶ ነው የሚሠራው። የእንቁላል ቅርፊት ግን እውነተኛ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከቁርስ ቤቶች ሰብስቦ፣ አጥቦ፣ በጣሳ አድርጎ ምድጃ ውስጥ ማቃጠል ይቻላል። ከ900 ዲግሪ በላይ ከተቃጠለ ግን ሕያው ኖራ ይሆናል፤ ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። 600 ላይ ማቆም፣ ከዚያ መፍጨት ይሻላል።

የምጣድ አመድ ይሠራል?

ይሠራል፤ ከሁሉም የሚያስደስተኝም እሱ ነው። የእንጨት አመድ ዋናው ነገሩ ካልሲየም ነው፤ ፖታሲየም፣ ማግኒዥየምና ጥቂት ፎስፈረስም አለበት። የጥንት የቻይናና የጃፓን ሸክላ ሠሪዎች መነሻቸው ይኸው ነበር፤ ምድጃው ውስጥ የሚበረው አመድ ዕቃው ትከሻ ላይ አርፎ ቀለጠላቸው።

መነሻው አመድ 2፣ ፌልድስፓር 2፣ ሸክላ 1 ነው። ሸክላው ቀይ ከሆነ ማር የመሰለ ቡናማ፣ ነጭ ካኦሊን ከሆነ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ይመጣል። እንደ ጅረት ወርዶ መስመር መስራት የአመድ ግሌዝ ጠባይ ነው፤ ስለዚህ ከዕቃው ግርጌ ሁለት ጣት ያህል ሳትቀቡ ተዉ።

ችግሩ አንዱ አመድ ከሌላው አለመመሳሰሉ ነው። የባሕር ዛፍ፣ የግራር፣ በአዊ በኩል ከፋግታ ለኮማና ከእንጅባራ ዙሪያ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ አመድ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። የጤፍ ጭድ አመድን ደግሞ ጭራሽ ከእነዚህ ጋር አትደምሩት፤ የሣር ዘር ገለባ ሲሊካ ስለሚይዝ አቅላጭነቱ ያነሰ ነው፣ ከኖራ ድንጋይ ይልቅ ለሲሊካው ምትክ ይቀርባል። መፍትሔው ከአንድ ዛፍ ዓይነት ብዙ ሰብስቦ፣ አንድ በርሜል አድርጎ፣ አማስሎ ለዓመት መጠቀም ነው። በየሳምንቱ አንድ ቆርቆሮ አመድ እየሰበሰበ ግሌዜ ተለዋወጠብኝ የሚል ሰው ሌላ ምክንያት አይፈልግ።

አመዱን በወንፊት ነፍታችሁ ከሰሉን አውጡ። ማጠብ አለማጠብ የራሳችሁ ምርጫ ነው፤ ያልታጠበ ይበልጥ ያቀልጣል፣ ነገር ግን ውኃው እንደ ልብስ ሳሙና እጅ ይበላል። ታጥቦ የደረቀው አቅሙ ቢቀንስም ጠባዩ ብዙ አይለዋወጥም። እኔ አንዴ ብቻ አጥቤ ውኃውን እደፋለሁ።

ፌልድስፓር ጨርሶ ከጠፋ?

ሁሉም ምትክ ጎዶሎ ነው፤ ሁለቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ነው። የተፈጨ ጠርሙስ 72 በመቶ ገደማ ሲሊካ፣ 13 ወይም 14 ሶዳ፣ 10 ገደማ ካልሲየም ኦክሳይድ አለው፤ አሉሚና ግን የለውም ማለት ይቀላል። ስለዚህ ከ40ው ፌልድስፓር 20ውን በጠርሙስ ብትተኩ የጎደለውን አሉሚና ለመመለስ 9 ያህል ካኦሊን መጨመር አለባችሁ፤ ያለዚያ ግሌዙ መደርደሪያው ላይ ይፈሳል። ባልዲ ውስጥም ወራት አያቆዩት፤ ሶዳው ወደ ውኃው እየወጣ ያበላሸዋል።

ሁለተኛው እግራችን ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ጮቄ ተራራ የቆየ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከሞጣ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው ደጋ የተነጠፈው በባዛልት ነው። ባዛልት ግማሹ ያህል ሲሊካ ሆኖ፣ አሉሚናውን፣ ካልሲየሙን፣ ማግኒዥየሙንና ከ10 በመቶ በላይ ብረቱን በራሱ ይዟል። ያለቀለት ግሌዝ ማለት ነው! ጠጠር የሚፈጭበት ቦታ ከማሽኑ ሥር የሚከማቸውን ደቃቅ ዱቄት በጆንያ ጠይቁ፤ በወንፊት ነፍታችሁ 1280 ላይ ብቻውን ሞክሩት። ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ሆኖ ይቀልጣል። ከፈሰሰ ካኦሊንና ሲሊካ ጨምሩ፤ ከደረቀ አመድ።

ከዚሁ ድንጋይ የተሠራው ቀይ አፈር ግን ሌላ ነው። ዝናቡ ለሺህ ዓመታት ካልሲየሙንና ፖታሲየሙን አጥቦ ወስዶበታል፤ አሉሚናና ብረት ቀርቶታል። ስለዚህ ብቻውን ግሌዝ አይሆንም፤ ከአመድ ጋር ሲጋባ ነው የሚያምረው። አፈሩ ያጣውን አመዱ ይመልስለታል። ጥሬ አፈር ሲበዛ ግሌዙ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እሳት ውስጥ ደግሞ ተሰብስቦ ባዶ ገላ ይተዋል። ግማሹን ከመጀመሪያው ተኩስ ጋር (ዕቃው ግሌዝ ሳይቀባ ከሚተኮስበት) አስገብታችሁ አቃጥሉት፤ ብረት ምጣድ ላይ እንደ ቡና መቁላት አይበቃውም፣ ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል።

ቀለምስ ከየት ላምጣ?

ለስሚንቶ ማቅለሚያ የሚሸጠው ቀይ ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ብረት ኦክሳይድ ነው። 1 ወይም 2 በመቶ ተጨምሮ አየር በሚያንስበት እሳት ከተተኮሰ የባሕር ውኃ የመሰለ አረንጓዴ፣ ከ8 እስከ 10 በመቶ ሲሆን የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ይሰጣል። ሰማያዊው የስሚንቶ ቀለም ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮባልት አይደለም፤ እሳት ውስጥ ይጠፋል። ኮባልት ኦክሳይድ ከ1 በመቶ በታች ስለሚበቃ ጥቂቱን ገዝቶ መቆጠብ ያዋጣል። ካርቦኔቱን ካገኛችሁ በአንድ ተኩል አባዙት።

መዳብ ከሽቦ ይወጣል፤ ፕላስቲኩን ላጡት እንጂ አታቃጥሉት። የተላጠው ሽቦ ሲግል የሚረግፈው ጥቁር ቅርፊት መዳብ ኦክሳይድ ነው። የድንጋይ ባትሪ ሰባብሮ ማንጋኒዝ ማውጣት፣ ከመኪና ባትሪ እርሳስ ማውጣት ግን አይታሰብም። ሁለቱም መርዝ ናቸው፣ እርሳሱ ደግሞ የሚጠጣበት ሰው ጋ ይደርሳል።

ደብረ ማርቆስ በጋዝ ስተኩስ 1200 ላይ ይቆምብኛል፤ ግሌዙ ነው ወይስ ምድጃው?

አየሩ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያልፋል፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ላለ አገር የተሠራ በርነር ጋዙን እንደዚያው እየለቀቀ አየር ግን ያንሰዋል፤ ያልተቃጠለ ጋዝ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ሙቀቱም አይጨምርም። የአየር መግቢያውን ክፈቱ፣ ጭስ ማውጫውን አስረዝሙ፣ ካልሆነ የጋዙን ቀዳዳ የሚያጠብ ባለሙያ ጥሩ። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ላይ ስላለ ችግሩ ይቀላል እንጂ አይጠፋም። ሌላም አለ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እርጥብ ዕቃ ስታደርቁ 95 ላይ ያዙ የሚለውን የመጽሐፍ ምክር ወደ 80 አውርዱት፣ አለዚያ ይፈነዳል።

በኤሌክትሪክ ስተኩስ መብራት ቢሄድስ?

ክዳኑን አትክፈቱ። ሲመለስ ቀጥሉ። መቼ እንደሚጠፋ የሚወስነው የሙቀት መለኪያው ቁጥር ሳይሆን የኮኑ መጉበጥ ነው፤ ኮን የሚቆጥረው ሙቀቱንና ጊዜውን አንድ ላይ ነው።

ግሌዙ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጠቀ፤ ምን ልቀንስ?

አትቀንሱ፣ ጨምሩ። ግሌዙ ሲቀዘቅዝ ከገላው ይበልጥ ስለተኮማተረ ነው። ሲሊካ በ5፣ በ5 እየጨመራችሁ ሦስት አራት ቁራጭ ሞክሩ። ቁራጩን አቁማችሁ ተኩሱት፤ የተጋደመ ቁራጭ መፍሰሱን አያሳይም። በጀርባውም ቁጥሩን በብረት ኦክሳይድ ጻፉበት፤ በእስክሪብቶ የተጻፈው ይቃጠላል።

በዚህ ግሌዝ የተሠራ ሳህን ላይ ወጥ ቢቀርብ ችግር አለው?

4-3-2-1 በደንብ ከቀለጠ የለውም። የሚያጠራጥሩት ያልቀለጠ ደብዛዛ ግሌዝና መዳብ የበዛበት ናቸው፤ ባሪየም ካርቦኔት ያለበትን ደግሞ ለምግብ ጭራሽ አትጠቀሙ። የሎሚ ቁራጭ ገጹ ላይ ደፍታችሁ አሳድሩ። ጠዋት ታጥቦ ሲታይ የቦታው ቀለም ከለቀቀ ወይም ብርቅርቁ ከደበዘዘ፣ ቲማቲም ያለበት ወጥም እርጎም ያንኑ ያደርገዋልና ያ ሳህን የአበባ ማስቀመጫ ሥር ይሁን።